ከማኅተሙ በፊት ሥራው፦ በጎጃም ለሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተግባር ልምምድ መመሪያ

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ወጣቶች ለተግባር ልምምድ የሚወጡበት ወቅት ሲቃረብ፣ አብዛኞቹን የሚያስጨንቃቸው ደብዳቤያቸውን ተቀብሎ በመጨረሻ የግምገማ ቅጻቸውን የሚሞላና ማኅተም የሚያሳርፍ መሥሪያ ቤት ማግኘቱ ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ቢሆንም፣ ከምረቃ በኋላ በቃለ መጠይቅ የተቀመጠ ቀጣሪ ማኅተሙን አይቶ ያልፍና በእነዚያ ወራት በእጃችሁ የሠራችሁት ምን እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ የሚዘጋጀው በልምምዱ ወቅት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደዚያ ያተኮረ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ቦታ መፈለግ የሚጀመረው ከአንድ ሴሚስተር በፊት ነው። ጎጃም ለትምህርት ዘርፎቻችሁ የሚሆኑ ቦታዎች አሉት። የውኃና የመስኖ ተማሪ በመራዊ አካባቢ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራውን የቆጋ መስኖ፣ የኤሌክትሪክና የመካኒካል ተማሪ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውንና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣና በለስን፣ የግብርና ተማሪ የአዴትና የአንዳሳ የምርምር ማዕከላትን፣ የጨርቃ ጨርቅ ተማሪ የባሕር ዳሩን ፋብሪካ፣ የምግብ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ በቡሬ ያሉትን የማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች ሊያስብ ይችላል። ሆኖም በእኔ ግምት የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት፣ የገበሬዎች ዩኒየን ወይም የከተማ ማዘጋጃ ቤት ብዙ ጊዜ ከስመ ጥሩ ድርጅት የተሻለ ትምህርት ይሰጣል፤ ባለሙያው ጥቂት ስለሆነ ሥራው ለተለማማጁም ይደርሳልና። መንገድ በሚዘጋበትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ ደግሞ ቤተሰብ ወይም ዘመድ ባለበት ከተማ መለማመድ ከሩቅ ቦታ ዝና ይልቅ ይመረጣል። የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ በማን እንደሚሸፈንም ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፤ መጠየቁ ነውር የለበትም።

ዩኒቨርሲቲው የሚሰጣችሁ የትብብር ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ከተጻፈ ከመዝገብ ቤት ሳይወጣ ሊከርም ይችላል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ትክክለኛ ስም አስጽፉ፤ ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን መዝግቡ፤ ወደየትኛው ክፍል እንደተመራም ጠይቁ። ከደብዳቤው ጋር በራሳችሁ የተጻፈ አንድ ገጽ አያይዙ፦ የወሰዳችኋቸውን ከሥራው ጋር የሚገናኙ ኮርሶች፣ የምትችሉትን ሶፍትዌር ወይም መሣሪያ፣ የምትገኙበትን ቀን ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ እንዲሁም በየትኛው ክፍል ብትመደቡ እንደምትጠቅሙ የሚገልጽ። ክፍል ኃላፊው ከደርዘን ደብዳቤዎች መካከል የእናንተን የሚያስታውሰው በዚህ ገጽ ነው። ከ5 የሥራ ቀናት በኋላም በአካል ሄዳችሁ ተከታተሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈታኝ ናቸው። እኔ በተማሪነቴ የተመደብኩበት ቦታ ለሁለት ሳምንት ያህል ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከማየት በቀር ሥራ አልተሰጠኝም ነበር፤ ቅር ተሰኝቼ ለመተው ሁሉ አስቤ ነበር። በኋላ ግን በቁም ሳጥን ውስጥ የተከመሩትን የጥገና ካርዶች ወደ ኤክሴል ላስገባ ብዬ ኃላፊዬን አስፈቀድኩ። ካርዶቹ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደሩ የአንድ ፓምፕ ኩሽኔታ በተደጋጋሚ ሲቀየር መቆየቱ በግልጽ ታየ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥገና ቡድኑ ወደ መስክ ሲወጣ ይጠራኝ ጀመር። ከዚህ የተማርኩትን ለእናንተም እመክራለሁ፦ ሥራ እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ግን ማንም ጊዜ ያላገኘለትን ትንሽ ሥራ ፈልጋችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ ከዳር አድርሱት።

የየዕለቱ ሥራ የሚመዘገብበትን ደብተር፣ ሎግ ቡክን፣ በተመለከተ ብዙዎች በመጨረሻው ሳምንት በአንድ ሌሊት ይሞሉታል፤ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። «ዛሬ የፓምፕ ጥገና ተመለከትኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከስድስት ወር በኋላ ለራሳችሁም ምንም አይነግራችሁም። በዚያው ቀን ማታ ግን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፓምፕ ቁጥር 2 ድምፁ ተቀይሮ ቆመ፤ ሲፈታ ኩሽኔታው ተበልቶ ተገኘ፤ በ6205 ቁጥር ኩሽኔታ ተተካ፤ ለ4 ሰዓት ቆሟል፤ ግራሶ የተቀባበት ቀን በካርዱ ላይ አልተመዘገበም» ብላችሁ ብትጽፉ፣ በአንድ አንቀጽ ምልክቱን፣ ምክንያቱን፣ የተወሰደውን እርምጃና የቀረውን ጉድለት መዝግባችኋል ማለት ነው። የሒሳብ አያያዝ ተማሪም ቢሆን ያስታረቀውን የባንክ ሒሳብ ብዛት፣ ያገኘውን ልዩነትና ልዩነቱ የተፈታበትን መንገድ በዚህ መልክ መጻፍ ይችላል። የድርጅቱን ሰነድ ፎቶ ለማንሳት ወይም ቁጥሮችን ይዞ ለመውጣት ግን በቅድሚያ ፈቃድ ጠይቁ፤ የደንበኛና የታካሚ መረጃ ፈጽሞ ከመሥሪያ ቤቱ አይወጣም።

ከሰዎች ጋር ያላችሁ ግንኙነትም የልምምዱ አካል ነው። ዲግሪ የሌለውን አንጋፋ ቴክኒሻን «አንተ» እያሉ የሚጠሩ ተማሪዎች አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ተማሪ መፍቻ ከማቀበል አያልፍም። «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብላችሁ፣ በአክብሮት ጠይቃችሁ፣ የሚሠሩትን በትዕግሥት ተመልከቱ፤ በመጽሐፍ የማይገኘው የሙያ እውቀት ያለው እነርሱ ዘንድ ነው።

ስትጨርሱ የሚሰጣችሁ የምስክር ወረቀት የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ቀን፣ የሠራችሁበትን ክፍልና ያከናወናችሁትን ሥራ በስም እንዲጠቅስ ጠይቁ፤ ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ብታቀርቡ ኃላፊው ደስ ይለዋል። በሲቪያችሁ ላይ ልምምዱን «የተግባር ልምምድ» በሚል ርዕስ ጻፉት። እንደ ሥራ ልምድ መቁጠር በማጣራት ጊዜ እምነት ያሳጣል፤ «0 ዓመት» የሚሉ ማስታወቂያዎች ደግሞ ለእናንተ የወጡ ናቸው።

የምረቃውን ዓመት በተመለከተ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና የሚወስዱ ሲሆን ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ሎግ ቡካችሁን ከኮርሶቹ ጋር እያገናኛችሁ ማንበብ ለዚህም ይረዳል። የወጪ መጋራት ውላችሁን ቅጂ በጥንቃቄ አስቀምጡ፤ የፋይዳ መታወቂያና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በጊዜ አውጡ። በቴሌግራም «እናስቀጥራችኋለን» ብሎ ለምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው አትመኑ፤ እውነተኛ ቀጣሪ ለቃለ መጠይቅ አያስከፍልም።

በቃለ መጠይቅ ስለ ራሳችሁ ስትጠየቁ «ታታሪ ነኝ» ከማለት ይልቅ ከሎግ ቡካችሁ አንዱን ችግር መርጣችሁ ከመነሻው እስከ መፍትሔው በሁለት ደቂቃ ተናገሩ፤ ጮክ ብላችሁም ከጓደኛ ጋር ተለማመዱት። ከተቀጠራችሁ በኋላ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ እንደማይችል፣ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የተፈረመበት ጽሑፍ ሊሰጣችሁ እንደሚገባ እወቁ። አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ በግል ድርጅት የምትጀምሩ ግን የመጀመሪያውን የሥራ ቀን በማስታወሻችሁ ጽፋችሁ ከዚያ ቀን ቁጠሩ።