ለጥንቸሎቻችሁ መጫወቻ ቤት ካለው ዕቃ ሥሩ

ጥንቸሎቻችን ቡላና ዳማ የኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ጥግ ነው የሚኖሩት። ቀን ቀን ያንቀላፋሉ። ሲነጋጋና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን ቤቱ አይበቃቸውም። የጥንቸል ተፈጥሮ ነው። በዚያ ሰዓት የምትሠራው ነገር ካጣች የሶፋ እግርና የቻርጀር ገመድ ትጀምራለች። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ማኘክ አለባት። መቆፈርና መደበቅም ትወዳለች። እኔ አንድን መጫወቻ የምመዝነው በዚህ ነው፦ ይታኘካል? ይቆፈራል? ውስጡ ይገባል?

ካርቶን ሦስቱንም ያሟላል። የሰፈር ባለሱቅ ባዶ የፓስታ ካርቶን ብትጠይቁት አይነፍጋችሁም። ፕላስተሩን ልጣችሁ፣ ሽቦ ካለው ነቅላችሁ አውጡ። ላስቲክ የተለበጠበትን ተዉት። ከዚያ ገልብጡና በር ቁረጡለት፤ የግድ ሁለት በር። ጥንቸል በሌላ አውሬ የምትታደን እንስሳ ናት፤ መውጫው አንድ ብቻ የሆነ ቦታ አያስተማምናትም። በሩ ትልቋ ጥንቸል ጎኗ ሳይነካ የምታልፍበት ይሁን። ሁለት ሦስት ካርቶን ስታገጣጥሙ ዋሻ ይወጣዋል። ዳማ በሮቹን በጥርሷ ራሷ ታሰፋቸዋለች። እኔም አልከለክላትም፤ ቦጭቃ ትተፋዋለችና። በብዛት የምትውጥ ጥንቸል ካለቻችሁ ግን ካርቶኑን አንሱባት።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የሶፍት የውስጥ ካርቶን ነው። ድርቆሽ ጠቅጥቁበት፤ መሃሉ ላይ ትንሽ የድንብላል ወይም የካሮት ቅጠል ደብቁ። የካሮቱን ቅጠል ጉሊት ላይ ቆርጠው ይጥሉታል፤ ለምኑና ውሰዱ፣ በደንብ እጠቡት። ቡላ ይህን ካርቶን በጥርሱ አንስቶ እየወረወረ ድርቆሹን ይመዛል። ቅጠሉን ፍለጋ ድርቆሹን ይጨርሰዋል፤ ዋና ምግባቸው ደግሞ እሱው ነው። መኖ የምትሰጡ ከሆነም በሳህን ከምታቀርቡ ድርቆሹ ውስጥ በትኑት። ፈልገው ይብሉ።

ለመቆፈሪያ ሰፋ ያለ ሳፋ ይበቃል። የጤፍ ጭድና የተቀዳደደ ነጭ ወረቀት ሙሉበት። ይበታተናል፤ ከሥሩ አሮጌ አንሶላ ብታነጥፉ መጥረጉ ይቀላል። የቃጫ ጆንያ ብታስገቡላት ትወደዋለች። የማዳበሪያ ከረጢት ግን አታስገቡ። የላስቲክ ክሩ ሆዷ ውስጥ ይጠመጠማል፤ ጥንቸል ደግሞ ማስመለስ አትችልም። ቆርኪ፣ የሃይላንድ ክዳንና ስፖንጅም በዚሁ ምክንያት ክልክል ናቸው።

እንጨት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መድኃኒት ያልተረጨበት የፖም ቅርንጫፍ ታጥቦ ሲደርቅ ጥሩ ነው። ቫርኒሽና ቀለም ያልነካው ትንሽ የቀርከሃ ቅርጫትም ያዋጣል፤ መጀመሪያ ድርቆሽ ማቅረቢያ ይሆናል፣ ሲቆይ ራሱ ይበላል። የኮክና የፕሪም እርጥብ እንጨት መርዝ አለው። ባሕር ዛፍና ጽድ አትስጡ። አቮካዶ ፍሬውም ቅጠሉም ቅርንጫፉም አደገኛ ነው፤ ግቢያችሁ ውስጥ ካለ የረገፈውን ቅጠል እንኳ ልቀሙ። በክረምት የእሸት በቆሎ ልጣጭ በልኩ ይሰጣል፤ ትቀድደዋለች፣ ትበላዋለች። ቆረቆንዳው ግን አንጀት ይዘጋል፤ አርቁት።

ሁሉንም በአንዴ አትደርድሩ። ዋሻውን ለጥቂት ቀን አስቀምጡና ሳፋውን አውጡ፤ ከዚያ ቀይሩ። ተመልሶ ሲመጣ እንደ አዲስ ያሸቱታል። አዲስ ነገር በሰጣችሁ ቀን ደግሞ በጠጧን ተመልከቱ። ካነሰ ወይም ከወትሮው ከደቀቀ መጫወቻውን አንሱ። ግማሽ ቀን ሙሉ ምግብ ካልቀመሰች ወይም ምንም ካልወጣት ሆዷ ቆሟል ማለት ነው፤ እስኪነጋ ሳትጠብቁ የእንስሳት ሐኪም ፈልጉ።