ጠርሙስ ይዘው ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራዬ መንገደኛ እየመሩ አገር ማሳየት ነው። ፓስፖርት የጠፋበት ሰው ያሳዝነኛል። ውስኪ የተወረሰበት ሰው ግን ብዙም አያሳዝነኝም፤ ቀድሜ ተናግሬአለሁና። የሚገርመው፣ ጀማሪ ተጓዥ ጠይቆ ይገዛል። የሚያስቸግረኝ «እኔ እኮ ያልዞርኩበት የለም» የሚለው ነው።

የሁሉም አለቃ የሆነው ስህተት፣ ገና ትራንዚት እያለ ከመጀመሪያው ዲዩቲ ፍሪ መግዛት ነው። ሻጯ ቦርዲንግ ፓሴን አይታ ሸጠችልኝ ይላሉ። የሻጯ ሥራ መሸጥ ነው! ቀጥሎ ያለው ፈታሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ሲያገኝ ሁለት ነገር ያያል፦ ሱቁ ጠርሙሱን ከትቶ ያሸገበት፣ ዳሩ ቀይ የሆነው ግልጽ ከረጢት እንደታሸገ ነው? ደረሰኙስ ውስጡ ይታያል? አንዱ መንገደኛዬ ከረጢቱን ቀዶ የስልክ ቻርጀሩን ከተተበት። ኪስ የጠፋ ይመስል! ፈታሹ የተቀደደውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰስ አደረገ። ቻርጀሩን አውጥቶ ሰጠው፣ ጠርሙሱን ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠ። «ደረሰኝ አለኝ እኮ!» አለ ሰውዬው። ፈታሹ ቀና ብሎም አላየው፤ ቀጣዩን ተረኛ ጠራ።

ከእሱ የባሰ ደግሞ አለ። «ከሚወርሱብኝ እኔው ልጨርሰው» ብሎ ሰልፍ ላይ ቆሞ የተጎነጨ። ፍተሻውን አለፈ፤ መሳፈሪያው በር ላይ ግን እግሩ አልታዘዝ አለው። አየር መንገድ ደግሞ የሰከረ ሰው አላሳፍርም ማለት ይችላል። ውስኪውም በረራውም ቀረ። እሱን ሳባብል ሌሎቹ እኔን እየጠበቁ ነበር፤ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

መግዛት ካለባችሁ ከመጨረሻው አየር ማረፊያ ግዙ። አሜሪካ ገብታችሁ ወደ ሌላ ከተማ የምትቀጥሉ ከሆነ፣ መጀመሪያ ባረፋችሁበት ሻንጣችሁን ትቀበላላችሁ። ጠርሙሱን መልሳችሁ ከማስረከባችሁ በፊት እዚያው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። በቃ፣ ይኸው ነው መላው።

ሻንጣ ውስጥ የሚገባውም ልክ አለው። የአልኮል መጠኑ ከ70 በመቶ የበለጠ መጠጥ አውሮፕላን ላይ አይጫንም። ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነው ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ነው፤ እሱም ከፋብሪካ እንደታሸገ። በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ የቤት መጠጥ አታምጡብኝ።

ከቀረጥ ነጻ የሚፈቀደውን መጠን ካለፋችሁ ጉምሩክ ላይ አስመዝግቡ። ብዙ ሰው «የማስመዘግበው የለኝም» በሚባልበት በአረንጓዴው መስመር ሹልክ ማለት ይወዳል። ቀረጥ መክፈል ወንጀል አይደለም፤ መደበቅ ነው ጣጣው። አውሮፓ ኅብረት ከውጭ ስትገቡ ከ22 በመቶ በላይ የሆነ መጠጥ 1 ሊትር ነው፤ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ድርሻ የለውም። ልጆቹን ቆጥሮ አምስት ጠርሙስ የሚሸከም አባት አይቻለሁ። አውስትራሊያ 2.25 ሊትር ትፈቅዳለች፤ ካለፋችሁ ግን የምትከፍሉት ለትርፉ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው። ሲንጋፖርን ደግሞ ልብ በሉ፦ ከማሌዥያ ከሆነ የምትገቡት ከቀረጥ ነጻ የሚባል መጠጥ የለም።

«ተፈቅዷል አሉ» የሚለው ወሬም ሰው ያስበላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሪያድ ውስጥ መጠጥ ቤት ተከፈተ ሲባል ስልኬ እረፍት አጣ። የተከፈተው ሱቅ ነው፤ ያውም ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች። ቱሪስቱ ምን አገባው? ኩዌትም ጠርሙስ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ አንድም ቢሆን። ማልዲቭስ ሪዞርቱ እንደ ልብ ይሸጥላችኋል፣ የራሳችሁን ግን ጉምሩክ ያስቀረዋል።

አንድ አገር ውስጥም ሕጉ አንድ አይደለም። ዱባይ የገዛችሁትን ይዛችሁ ሻርጃ አትሻገሩ፤ አጠገቧ ናት፣ መጠጥ ግን ክልክል ነው። ሕንድ ውስጥ ጉጃራትና ቢሃር እንዲሁ ናቸው። በሌላው የሕንድ ክፍል ቢሆን ጥቅምት ወር በገባ በሁለተኛው ቀን፣ በጋንዲ ልደት፣ መጠጥ ቤቱ ተዘግቶ ብታገኙት አትደነቁ። በፈረንጆቹ ጥቅምት ማለቴ ነው።

ስዊድን እሁድ ወይን ፍለጋ አትውጡ። ወይን የሚሸጠው የመንግሥት ሱቅ ዝግ ነው።

ሲንጋፖር ከምሽቱ 4፡30 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት መንገድ ላይ መጠጣት አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ነው፤ በ2013 ታኅሣሥ ላይ ሊትል ኢንዲያ ሰፈር ረብሻ ተነስቶ ነበር።

መኪና ከተከራያችሁ ደግሞ «አንድ ቢራ ምን ያደርጋል» የሚባል ነገር እርሱት። ቼክና ሃንጋሪ ሕጉ ዜሮ ነው። ጃፓን ደግሞ የጠጣ ሰው ሲነዳ እያወቀ አብሮት የተሳፈረውም ይቀጣል፤ ያጠጣውም፣ መኪናውን የሰጠውም።