የነሐሴ ቲማቲም እና ሌሎች የግዢ ስህተቶች

ለሱፐርማርኬት፣ ለሆቴል ወይም ለሰፈር አትክልት ቤት «ኦርጋኒክ» እያሉ የሚገዙ ሰዎች ሁለት ነገር ለየብቻ ይጠይቃሉ፦ «አሁን ምን አለ?» እና «ኬሚካል ነክቶታል?»። ጣና ዳር ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። ያለ ወቅቱ የመጣ ምርት ብዙ ጊዜ አንድም ከሩቅ ተጭኖ መጥቷል፣ አንድም በመድኃኒት ተደግፎ ነው የቆመው። ወቅቱን የማያውቅ ገዢ ወረቀት ቢደረደርለትም ይሸወዳል። በየዓመቱ ከሚደጋገሙት ስህተቶች የባሰው ይቅደም።

የክረምት ቲማቲምን «ምንም አልነካውም» ሲሉት ማመን

ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በእነዚህ ወራት የቲማቲም ቅጠል ጠዋት ከጤዛ፣ ከሰዓት ከዝናብ ሳይደርቅ ይውላል። ገበሬው ምች የሚለው በሽታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ እርጥብ ቅጠልና ቀዝቀዝ ያለ አየር። መጀመሪያ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ምልክት ይወጣል። ወዲያው ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ይታያል፤ ሳምንት ሳይሞላ ማሳው እሳት የበላው ይመስላል። ፍሬው ላይ ሲደርስ ቡናማና ጠጠር ያለ ጠባሳ ይሆናል። ሜዳ ላይ ቲማቲም ተክሎ ይህን ወቅት የሚሻገር ገበሬ በየሳምንቱ፣ ዝናቡ ከበረታም ከዚያ ባጠረ ጊዜ፣ ማንኮዜብ ወይም ሪዶሚል የሚባለውን ፀረ ሻጋታ ይረጫል። ካልረጨ የሚሸጠው የለውም።

ስለዚህ በነሐሴ አጋማሽ ነጥብ የሌለበት ቀይ ቲማቲም ይዞ «ከባሕር ዳር ዙሪያ ነው፣ ኦርጋኒክ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው። ከላስቲክ ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ላስቲክ ቤት ደግሞ አይደበቅም፣ ሄዶ ማየት ነው። ከስምጥ ሸለቆ፣ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ፣ በአዲስ አበባ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳጥኑ ይናገራል፦ ከታች ያለው ፍሬ የሳጥኑን እንጨት ቅርጽ ይዞ ተጨፍልቋል፣ ከላይ ያለው ገና በመንገድ ነው የቀላው፣ የዘንጉ ዙሪያ ያለው አረንጓዴ ጠውልጎ ደርቋል። ሁለቱም ካልሆነ ሻጩ ይዋሻል።

የሚያናድደው ግን ሻጩ አይደለም፤ ገዢው ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ይጾማል። ሆቴሉ የጾም ምግቡን ያለ ቲማቲም ማሰብ አይችልም፤ የግዢ ሠራተኛው ደግሞ ገበሬውን በስልክ ያጣድፋል፦ «እንደምንም አምጣልኝ፣ ኦርጋኒክ ይሁን»። ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ የሚያዝ ገዢ ኬሚካሉን ያዘዘው ራሱ ነው። በዚያ ወቅት የሚያምር ሀበሻ ጎመን አለ፣ ወሩ ሲገባደድ የበቆሎ እሸት ይጀምራል፣ ዱባ ይከተላል። ቲማቲም የግድ ካስፈለገ የሚገዛው በመጋቢት ነው። ያን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ፣ ጥቂት ጨው ተነስንሶበት፣ በጠፍር ወይም በወንፊት ሽቦ ላይ በፀሐይ ይደርቃል። አንድ ኪሎ ደረቅ ለማግኘት ከ10 እስከ 14 ኪሎ እርጥብ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያሰሉ «ዋጋው ተወደደ» ማለት አይገባም። በሰኔ ለማድረቅ የሞከረ ሻጋታ ያተርፋል።

«በመስኖው ምንም አልጨመረም» ብሎ ማሳውን በአንድ ወቅት ብቻ መመዘን

ይህኛው ስህተት የሚሠራው በቅን ገዢዎች ስለሆነ ሳይነገር ያልፋል። በመራዊ አቅራቢያ ያለው የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ነው፤ በፎገራ ሜዳ ደግሞ ገበሬው የርብንና የጉማራን ውሃ በሞተር ይስባል። በሁለቱም ቦታ አንዱ ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሠራል። በጥር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የጎመን መደብ በሐምሌ በቆሎ ነበረበት፤ በቆሎው ደግሞ ሲዘራ ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ፣ ጉልበት ሲደርስ ዩሪያ ወስዷል። ገበሬው «ለጎመኑ ፍግ ብቻ ነው የሰጠሁት» ሲል እውነቱን ነው። ማሳው ግን ኦርጋኒክ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ ማሳ ለዓመታዊ ሰብል ከመዘራቱ በፊት 2 ዓመት፣ ለቋሚ ተክል ከመለቀሙ በፊት 3 ዓመት ከተከለከሉ ግብዓቶች መጽዳት አለበት። በአገራችንም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ወጥቷል፤ ቃሉ ሻጩ ደስ ባለው ጊዜ የሚለጥፈው ጌጥ አይደለም።

ማሳው ላይ ቆመው የሚጠይቁት እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት እዚህ ምን ነበረ? መርጫው የማን ነው? (የጎረቤቱን መርጫ የሚዋስ ሰው የጎረቤቱን መድኃኒት አብሮ ይዋሳል፤ ታንኩ በአንድ እጥበት አይጸዳም።) የቦዩ ውሃ ወደዚህ ከመድረሱ በፊት በማን ማሳ ያልፋል? ዘሩስ ከየት ተገዛ? ከመደብር የሚገዛ የሽንኩርት ወይም የጎመን ዘር ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም ካለው በፀረ ሻጋታ ተለውሷል ማለት ነው። ገበሬው በትህትና «ኧረ ጋሼ፣ እኛ ምን አለን ብለው ነው!» ብሎ ሲያልፍዎት ጥያቄውን በሌላ መንገድ ይድገሙት፦ «አረሙን በምን አጠፋህ?»። ስለ አረም የሚነገረው ዝርዝር ከሌላው ሁሉ በላይ እውነቱን ያወጣል። በእጅ ያረመ ሰው ስንት ሰው እንዳሰማራና ስንት ቀን እንደፈጀበት ሳይጠየቅ ይናገራል።

ትል የበላው ቅጠል ማስረጃ ነው ማለት። አይደለም፤ ተረጭቶም የሚበላ ሞልቷል፣ በተለይ ቱታ የሚባለው ትል የገባበት ቲማቲም።

ሽንኩርትን በረከሰበት ወር አለመግዛት፣ በረከሰበት ወር ደግሞ እርጥቡን መግዛት

የፎገራና የቆጋ ሽንኩርት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ገበያውን ያጥለቀልቃል፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይጠፋል። እንቁጣጣሽ የሚውለውም በዚሁ መሀል ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ግን በመጋቢት አከማችቶ በግንቦት የበሰበሰ የሚጥለውም ብዙ ነው። ምክንያቱ አንገቱ ነው። ከአምፖሉ በላይ ያለውን አንገት በሁለት ጣት ይጫኑት፦ ከተንሸራተተ ወይም ከለሰለሰ ውስጡ እርጥብ ነው፣ ብስባሹም በዚያ ይገባል። ዋጋ ሳይወርድበት ለመቅደም የቸኮለ ገበሬ ቅጠሉ ሳይወድቅ ይነቅለዋል፣ ያንኑ ቀን በጆንያ ያስረዋል። ማሳው ላይ ግማሽ ያህሉ ቅጠል ወድቆ ሲነቀል፣ ከዚያም በጥላ ሥር ከ10 እስከ 14 ቀን ነፋስ ሲመታው ልጣጩ ሲነኩት ይንሿሿል፤ የሚገዛው እሱ ነው። ሲቀመጥ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ወይም የቀርከሃ አልጋ ላይ፣ ክምሩ ከጉልበት በታች ሆኖ፣ የበሰበሰው በየሳምንቱ እየተለቀመ። ቦምቤ ሬድ የሚባለው ዝርያ በደንብ ቢደርቅም ከ2 እስከ 3 ወር በላይ አይቆጠርበትም፤ የመጋቢቱን ለመስከረም አስቀምጣለሁ ማለት የዋህነት ነው። በመስከረም ከሱዳን በመተማ በኩል የገባ ሽንኩርት ከቀረበልዎ ይግዙት፣ ግን በኦርጋኒክ መደርደሪያ አያስቀምጡት።

ከድንች ጋር አንድ ክፍል ማኖርም ይቅር። የድንቹ እርጥበት ሽንኩርቱን ያበቅለዋል። ድንች ደግሞ ጨለማ ይፈልጋል፤ ብርሃን አይቶ አረንጓዴ የሆነው መርዛማ ነው፣ ተልጦም ለሰው አይሰጥም። ስለ ድንች ካነሣን፣ በደጋው ከመስከረም ጀምሮ የሚወጣው የክረምት ድንች በለጠ ወይም ጉደኔ የሚባለው ዝርያ ከሆነ ምችን ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋማል፤ «አልረጨሁም» ሲሉ የሚታመንበት አንዱ የክረምት ሰብል ይህ ነው።

አቮካዶን በመጠን መምረጥ

አቮካዶ ዛፍ ላይ አይለሰልስም፤ ስለዚህ ደረሰ አልደረሰ በእጅ ተጭኖ አይታወቅም። ትልቅ ሆኖ ያልደረሰ አለ። ያለጊዜው የተለቀመው በሳምንቱ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ሥጋው እንደ ጎማ ይሳባል፣ ደንበኛውም ሁለተኛ አይመጣም። ከመግዛትዎ በፊት ከተለያየ ዛፍ 5 ፍሬ ይውሰዱና አንዱን ይክፈሉት፦ የፍሬውን ዘር የሸፈነው ልጣጭ ነጭና ወፍራም ከሆነ ገና ነው፤ ቡናማና እንደ ወረቀት የሳሳ ከሆነ ደርሷል። ለሃስ ዝርያ ከዚህ የተሻለ ሙከራ አለ። 10 ግራም ሥጋ በስሱ ይከትክቱ፣ በማይክሮዌቭ በዝቅተኛ ኃይል እያደረቁ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይመዝኑ። የቀረው 2.3 ግራም ከሆነ ደረቅ ይዘቱ 23 በመቶ ነው፤ ይለቀም። ከ2.1 በታች ከሆነ ባለዛፉ ይጠብቅ። የቀሩትን 4 ፍሬዎች መደርደሪያ ላይ ይተዉአቸው፤ ከ5 እስከ 8 ቀን ውስጥ ሳይጨማደዱ መለስለስ አለባቸው።

ማንጎን በመጋቢት መፈለግ

የጣና ዳር ማንጎ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። ከዚያ ቀድሞ ቢጫ ሆኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በካርባይድ፣ ፍሬን ያለጊዜው በሚያበስል ኬሚካል፣ የበሰለ ነው፦ ቆዳው ወጥ ቢጫ፣ ውስጡ ነጣ ያለና ኮምጣጣ፣ ሽታውም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል። የደረሰ ማንጎ ትከሻው ዘንጉ ከገባበት ከፍ ብሎ ይሞላል፣ ውሃ ውስጥ ሲጣል ይሰምጣል። በገለባ ተሸፍኖ ከጥቂት የበሰለ ሙዝ ጋር ሲቀመጥ ያለ ካርባይድ ይበስላል።

ሁሉንም ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት

ሙዝና ማንጎ ከ13 ዲግሪ በታች፣ ቲማቲም ከ10 በታች ይጎዳሉ፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወጡ በኋላ ነው። ማቀዝቀዣው ለሰላጣ፣ ለቆስጣ፣ ለካሮት ይሁን፤ እነሱም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ተቆርጠው ከመጡ ነው የሚጠቅማቸው። ቆስጣን ከበሰለ ሙዝ ጋር ያስቀመጠ በማግስቱ ቢጫ ቆስጣ ያገኛል።

ርካሹን ሳጥን መግዛት

ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ግን ብዙዎች አይሠሩትም። ለምሳሌ 100 ኪሎ ያልተመረጠ ቲማቲም በኪሎ 60 ብር ገዝተው 24 ኪሎ ከጣሉ፣ 6,000 ብሩ ለ76 ኪሎ ይካፈላል፤ ኪሎው 79 ብር ሆነ። የተመረጠውን በ70 ብር ገዝተው 5 ኪሎ ብቻ ቢጥሉ 74 ብር ነው። የሚጣለውን ሳይመዝን የሚጥል ሱቅ ይህን ልዩነት በጭራሽ አያየውም። ከቆሻሻ ቅርጫቱ አጠገብ ሚዛን ያስቀምጡ።

ከስልክ ላይ በወረደ የውጭ ሰንጠረዥ መመራትም አለ፤ የኖርዌይ ወይም የካሊፎርኒያ ሚያዝያ የእኛ ሚያዝያ አይደለም።

ሐይቁ የሚሰጠውን አለማየት

ጣና ከክረምቱ በኋላ እየሸሸ ሲሄድ ባህር ሸሹ መሬት ላይ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። የሽምብራው እሸት በታኅሣሥና በጥር በእስር ይሸጣል፤ ውድ ግብዓት የማይፈልግ ሰብል ነው። ዘጌም እንዲሁ፦ በባህሉ በሬ የማይጠመድበት፣ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከዛፍ ጥላ ሥር የሚያድግበት ልሳነ ምድር ነው። «ኦርጋኒክ» ፍለጋ የክረምት ቲማቲም የሚያሳድድ ገዢ እነዚህን ጉልት ላይ አልፏቸው ይሄዳል።

በፈለጉበት ቀን መደወል

ሽንኩርት በመደብ 45 ቀን፣ ከተዛወረ በኋላ እስከ 100 ቀን ይፈልጋል። መጋቢት 1 ቀን እንዲነቀልለት የሚፈልግ ገዢ ወደኋላ ይቁጠር፦ ችግኙ ኅዳር 21 ይዛወራል፣ ዘሩ ጥቅምት 6 መደብ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከገበሬው ጋር የሚነጋገሩት በመስከረም ነው፤ ያን ጊዜ ፍጉን ማብላላት ይጀምራል፣ ዩሪያ የማይነካው ማሳም ይለያል። በጥር ደውሎ «ኦርጋኒክ ሽንኩርት አለህ?» የሚል ሰው የሚያገኘው መልስ «አለ» ነው፣ ሁልጊዜም። ሰላጣ ከተዛወረ ከ50 እስከ 60 ቀን ስለሚደርስ አንድ ትልቅ መደብ አይዘዙ፤ በየ15 ቀኑ አንድ ትንሽ መደብ እንዲዘራልዎ ይስማሙ፣ የመጀመሪያውንም ዘር በጥቅምት አጋማሽ፣ ዝናቡ ሲያቆም ያስጥሉ።