ሶፍትዌራችሁ በፍላሽ እየተገለበጠ እንዳይዞር፦ የላይሰንስ ፋይል አሠራር

ጅማ መርካቶ ለአንድ ሱቅ የሸጣችሁት የስቶክ ሶፍትዌር ሳምንት ሳይሞላው ጎረቤት ሱቅ ተጭኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ገልባጩ ሃከር አይደለም፤ «ለእኔም ጫንልኝ» የተባለ፣ ፍላሽ የያዘ ልጅ ነው። መከላከያ የሚመረጠው እሱን አስቦ ነው። ኮድ ፈልፍሎ የሚሰብር ጎበዝ ከመጣ ማቆም ከባድ ነው፤ ለእሱ ብላችሁ ወራት አታቃጥሉ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ግን ለአንድ ሱቅ ብሎ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ማን አለ?

ለሁሉም አንድ የሲሪያል ቁጥር ከሰጣችሁ ቁጥሩም አብሮ ይገለበጣል። ሁልጊዜ ኢንተርኔት የሚጠይቅ አክቲቬሽን ኔትወርክ በጠፋ ቀን ከፋዩን ሥራ ያስፈታል። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ዶንግል ጠንካራ ነው፤ ግን ይጠፋል፣ ወጪም አለው። ለሱቅ፣ ለፋርማሲና ለቡና ነጋዴ እኔ የምመርጠው ከኮምፒውተሩ ጋር የታሰረ፣ ዲጂታል ፊርማ ያለው የላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ፋይል ነው። ፊርማው ፋይሉ ከእናንተ መምጣቱንና አለመነካካቱን ያሳያል።

ደረጃ 1፦ ኢዲ25519 ወይም አርኤስኤ በሚባለው የፊርማ ዘዴ የቁልፍ ጥንድ ፍጠሩ፦ በግል ቁልፉ ይፈረማል፣ በሕዝብ ቁልፉ ፊርማው ይጣራል። የራሳችሁን ምስጠራ አትፈልስፉ፤ የታወቀ ላይብረሪ ተጠቀሙ። የግል ቁልፉ እናንተ ጋ ይቀራል፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባው የሕዝብ ቁልፉ ብቻ ነው። የግሉን ሁለት ቦታ ባክአፕ አድርጉ፤ ኮድ የሚጋራበት ጊትሀብ ድረ ገጽ ላይ ግን እንዳታወጡት።

ደረጃ 2፦ ሶፍትዌሩ ሲከፈት የማሽን ኮድ፣ ማለትም ያንን ኮምፒውተር የሚለይ ኮድ፣ ያሳይ። ከማዘርቦርድ ሲሪያል፣ ከዲስክ ሲሪያልና ከዊንዶውስ መለያ ውሰዱ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ሻ-256 በሚባለው ስሌት ወደ አጭር አሻራ ቀይሩት። ከሦስቱ ሁለቱ ላይሰንሱ ላይ ካሉት ጋር ከገጠሙ እለፉት፤ አለዚያ ዲስክ የቀየረ ደንበኛ ሌባ ይሆንባችኋል። አንዳንድ ርካሽ ማዘርቦርዶች በሲሪያሉ ቦታ «በአምራቹ ይሞላል» የሚል ጽሑፍ ብቻ አላቸው። እሱን እንደ መለያ አትቁጠሩት፤ መቶ ማሽን ላይ ያው ነው።

ደረጃ 3፦ ደንበኛው ኮዱን በቴሌግራም ይላክላችሁ። የሱቁን ስም፣ ኮዱንና የሚያበቃበትን ቀን ጽፋችሁ በግል ቁልፉ ፈርሙና ፋይሉን መልሱለት። የሱቁ ስም ደረሰኝ ላይ ይታተም። የሌላ ሱቅ ስም ያለበት ደረሰኝ ለደንበኛው መስጠት የሚፈልግ ነጋዴ የለም።

ደረጃ 4፦ ሶፍትዌሩ ፊርማውን፣ ማሽኑንና ቀኑን ያጣራ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጡ፤ ስታሳዩ ወደ ኢትዮጵያ ቀይሩት፣ ጳጉሜንም አትርሱ። ሰዓት ወደኋላ መመለስን ለማወቅ መጨረሻ የተከፈተበትን ቀን መዝግቡ። ግን ተጠንቀቁ፦ አሮጌ ዴስክቶፕ የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። «ቀኑን አስተካክሉ» በሉት እንጂ አትቆልፉበት።

ደረጃ 5፦ ላይሰንሱ ሲያልቅ አዲስ ሽያጭ መመዝገብን ብቻ ዝጉ። ሪፖርት ማተምና ባክአፕ ማውጣት ይሥራ፤ መረጃው የእሱ ነው። ከፋዩን የሚጎዳ መከላከያ መልሶ ባለቤቱን ይጎዳል፦ የሙዚቃ ኩባንያው ሶኒ ቢኤምጂ በ2005 እ.ኤ.አ. መከላከያ ብሎ በሲዲ የደበቀው ፕሮግራም የገዢዎችን ኮምፒውተር ለቫይረስ አጋልጦ ክስ አስከትሎበታል።

የማብቂያውን ቀን ደግሞ ከሰኔ 30 አካባቢና ከሐምሌ አርቁት። ነጋዴው ሒሳብ ዘግቶ ግብር ሊያስታውቅ ሲሯሯጥ «ላይሰንስዎ አልቋል» ካለው፣ ስልካችሁ ቀኑን ሙሉ አያርፍም።