ፉድ ስታምፑ ወር እንዲደርስ፣ ሰውነትም እንዳይከብድ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሳውዝ ኢስት፣ አንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ባሉት ዋርድ 7 እና ዋርድ 8 በሚባሉት የከተማው ክፍሎች ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መኪና የሌለው ሰው እኛ ጋ ይመጣል። እኛ ጋ ያለው ደግሞ በብዛት ቺፕስ፣ ሶዳና የታሸገ ኬክ ነው። የሶዳውን ፍሪጅ አከፋፋዩ ራሱ ያቀርባል። ቺፕሱ ቶሎ አይበላሽም። ጎመን ግን ይጠወልጋል፣ ኪሳራው የሱቁ ነው።

«ድሃ ሆኖ እንዴት ይወፍራል?» የሚሉ ሐበሾች ያበሽቁኛል። በአንድ ዶላር ብዙ ካሎሪ የሚገኘው ከስኳር፣ ከዘይትና ከነጭ ዱቄት ነው። ለዚያውም በፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በካርድ በሚሰጠው የምግብ ገንዘብ፣ በሙቁ የሚሸጥ የበሰለ ምግብ አይገዛም። ከሥራ ደክሞት የወጣ ሰው የተጠበሰ ዶሮ በካርዱ መግዛት አይችልም፤ ቺፕስ ግን ይችላል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው አውቶቡስ ጠብቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አዲስ ለመጣችሁ የምመክረው ይህን ነው።

ካርዱ የሚሞላው በወር አንዴ ነው፤ ሰው የሚቸገረው ወሩ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ እንደገባ መጀመሪያ የማይበላሸውን ግዙ፦ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ አጃ። ሽሮና በርበሬም በካርዱ ይገዛሉ፤ የሐበሻ ሱቅ ስትገቡ ኢቢቲ (የፉድ ስታምፑን ካርድ) ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ለዚህ ግዢ አላባማ አቬኑ ያለው ጃይንት ወይም ስካይላንድ ያለው ሊድል የሚባሉት ሱፐርማርኬቶች ይሻላሉ። ከጎረቤት ጋር የመኪናውን ሒሳብ ተካፍላችሁ ሂዱ። ኦንላይን ካዘዛችሁ ምግቡን በካርዱ መክፈል ይቻላል፣ የማድረሻውን ግን ከኪሳችሁ ነው።

አትክልት ፍሮዝኑን ግዙ። ተከትፎ የተዘጋጀ ጎመን አለ፣ አይናቅም። ቁሌቱን በእረፍት ቀን በብዛት ሠርታችሁ፣ ለአንድ ወጥ የሚሆነውን እየለያችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ ምስሩን መጨመር ብቻ ነው የሚቀራችሁ። የአመጋገብ ዕቅድ የሚፈርሰው ያን ሰዓት ነው።

ሶዳ ላይ ጨክኑ። ባለ 20 አውንሱ ኮካ ኮላ 65 ግራም ስኳር አለው። የሌሊት ሠራተኞች ሁለት ሁለት ሲወስዱ አያለሁ።

ብዙ የገበሬ ገበያዎችም ካርዱን ይቀበላሉ፤ ለአትክልት የምታወጡትን በእጥፍ የሚያደርጉላችሁም አሉ። «ማች አላችሁ?» በሏቸው። ለምግብ የሚሆን ዘርና ችግኝም በፉድ ስታምፕ መግዛት እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም። ቃሪያ በረንዳ ላይ በባልዲ ይበቅላል።

ደግሞ የሰፈራችሁን ሱቅ ወትውቱ። የእኛ ባለቤት ሙዝና ሽንኩርት ማስገባት የጀመረው ደንበኛ ሲነዘንዘው ነው። ቲማቲም ላይ ገና እየተከራከርን ነው።