የወርድን ሜኑ በስክሪን ሪደር እንዴት መጠቀም ይቻላል?

«ከላይ በስተግራ ያለችውን ምልክት ክሊክ አድርግ» የሚል ትምህርት ስክሪኑን ለማያይ ሰው ምንም አይፈይድለትም። በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚሠራ ሰው ሜኑን የሚይዘው በቅደም ተከተል ነው፤ ከየትኛው ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ በመስማት። እዚህ የምንጠቀመው ኤንቪዲኤን ነው። ዓይነ ስውሩ አውስትራሊያዊ ማይክል ከረን በ2006 መሥራት የጀመረው ይህ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ በነፃ ይጫናል። የወርዱ ሜኑ በእንግሊዝኛ እንደሆነ አድርገን እንቀጥል።

ከመግቢያው በፊት መውጫውን ይልመዱ። ጀማሪን የሚያስፈራው የት እንዳለ ሳያውቅ አንድ ነገር ነክቶ ጽሑፉን ማበላሸት ነውና። ኤስኬፕ አንድ ደረጃ ወደኋላ ይመልሳል፤ ደጋግመው ቢጫኑት በመጨረሻ ጽሑፉ ላይ ያርፋሉ። ኢንሰርትን ይዘው ታብን ሲጫኑ አሁን ያሉበትን ይነግርዎታል፤ ኢንሰርትና ቲ ደግሞ የመስኮቱን ርዕስ ያነባል። ንግግሩ ከበዛብዎ ኮንትሮልን አንዴ ነካ ያድርጉ፣ ዝም ይላል። ላፕቶፕዎ ኢንሰርት ከሌለው በኢንሰርት ፈንታ ካፕስ ሎክ እንዲሠራ በኤንቪዲኤ የኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ መምረጥ ይቻላል።

አሁን እንግባ። ወርድን ከፍተው አልትን ተጭነው ይልቀቁ። ይዞ መቆየት አያስፈልግም። «ሪበን» የሚል ቃልና የታቡን ስም፣ ብዙ ጊዜ «ሆም»ን፣ ይሰማሉ። ሪበን ከላይ ያለው የትእዛዞች መደርደሪያ ነው፤ ክፍሎቹም እንደ ቁልፉ «ታብ» ይባላሉ። በግራና ቀኝ ቀስት «ኢንሰርት»፣ «ሌይአውት» እያሉ ከታብ ወደ ታብ ያልፋሉ። የፈለጉት ላይ ሲደርሱ የታች ቀስትን ይጫኑ፤ ከዚያ በታብ ቁልፍ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ያዳምጡ። ይህ አሰልቺ ነው፣ በተለይ «ሆም» ውስጥ። ኮንትሮልን ይዘው የቀኝ ቀስትን ቢጫኑ ግን ከአንዱ የትእዛዝ ቡድን ወደ ቀጣዩ፣ ለምሳሌ ከ«ፎንት» ወደ «ፓራግራፍ»፣ ይዘልልዎታል።

ከትእዛዙ ስም በኋላ የምትመጣዋን ቃል አይለፏት። «ኮላፕስድ» ካለ ገና ያልተከፈተ ዝርዝር አለ ማለት ነው፤ አልትን ይዘው የታች ቀስትን ይጫኑ። «ፕረስድ» ካለ ትእዛዙ በሥራ ላይ ነው። «አንአቬይለብል» ካለ አሁን አይሠራም። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ምንም ጽሑፍ ሳይመርጡ «ኮፒ» ላይ መሄዳቸው ነው።

ኤንቪዲኤ ከስሙ ጋር «አልት፣ ኤች» የሚሉ ፊደሎችንም ያነባል። ወደ ትእዛዙ የሚወስዱ አቋራጮች ናቸው፤ ለመሸምደድ አይቸኩሉ፣ ደጋግመው የሚሠሩበት በራሱ ጊዜ ይያዝዎታል። በአንድ ሥራ እንሞክረው፤ ደብዳቤ ውስጥ ሰንጠረዥ እናስገባ። አልት፣ ኤን፣ ቲ፣ አይ፤ እያንዳንዱን በየተራ ተጭነው ይልቀቁ። በመጨረሻዋ አይ ፈንታ ቀስት ከተጠቀሙ በማውስ ለሚጎትቱ ሰዎች የተሠራ የካሬ መደርደሪያ ውስጥ ይገባሉ፤ አይጠቅምዎትም። አይ የምትከፍተው መስኮት ግን መጀመሪያ የዓምድ ብዛት ይጠይቃል። ቁጥሩን ይጻፉ፣ በታብ ወደ ረድፍ ብዛት ይለፉ፣ ጽፈው ኤንተርን ይምቱ።

እንዲህ ባሉ መስኮቶች ሁሉ ታብ ወደፊት፣ ሺፍትና ታብ ወደኋላ ይወስዳል፤ ስፔስ ምልክት ያደርጋል ወይም ያነሳል። መስኮቱ ምን እንደሚል ከጠፋብዎ ኢንሰርትና ቢ ሙሉውን ያነብልዎታል።

ለማስቀመጥ «ፋይል» ሜኑ ውስጥ መንከራተት አልመክርም፤ ገጹ ሰፊ ነው፣ ጆሮን ያደክማል። ኤፍ12 በቀጥታ የፋይሉን ስም ወደሚጽፉበት መስኮት ያደርስዎታል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን አብሮ መያዝ አለበት።

ትእዛዙ የት እንዳለ ጭራሽ ካላወቁ፣ በአዳዲሶቹ የወርድ ስሪቶች አልትና ኪው የመፈለጊያ ሳጥን ይከፍታል። የትእዛዙን ስም በእንግሊዝኛ ይጻፉ፣ በታች ቀስት ውጤቱን ይስሙ፣ ኤንተር።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። የአልት ፊደሎች አልሰማም ካሉ ኪቦርዱ በአማርኛ እንደሆነ ይፈትሹ፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ሜኑውን እያነበበ የአማርኛውን ጽሑፍ ከዘለለው ደግሞ ችግሩ ድምፁ ላይ ነው። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ አንድ ላይ ሲጫኑ ከሚመጣው ዝርዝር ኢስፒክ የተባለውን የንግግር ፕሮግራም ይምረጡ፣ ቀጥሎ በኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ የአማርኛውን ድምፅ። ቅላጼው የማሽን ነው፤ ቢሆንም የጻፉትን ለማረም ይበቃል።