ልጆች ይዞ ፌስቲቫል፦ ዝግጅት ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የትልቅ ከተማ ዓመታዊ ፌስቲቫል ፕሮግራም ሲወጣ ዓይን አዋጅ ይሆናል። እዚህ ሰርከስ፣ እዚያ የአሻንጉሊት ትርኢት፣ መሃል ላይ ሰልፍ፣ ማታ ርችት። አንድ ዓመት አምስት ዝግጅት በአንድ ቀን አጨቅኩ። ሁለተኛው ላይ ትንሿ ልጄ ተኛች። ሦስተኛው ላይ ትልቁ «ቤት መቼ ነው የምንሄደው?» ማለት ጀመረ። አራተኛው ወረፋ ላይ እኔና ባለቤቴ ተኮራርፈናል። አምስተኛው ምን ይመስል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም የማነበው በሌላ ዓይን ነው። ዝግጅቱ ጥሩ ነው ወይ ከማለቴ በፊት፣ ልጆቼ በዚያ ሰዓት፣ እዚያ ቦታ፣ ያን ያህል ደቂቃ ይችላሉ ወይ እላለሁ። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«ለቤተሰብ» የሚለውን ጽሑፍ አምኖ ትኬት መቁረጥ

ይህ ቃል ብዙ ጊዜ የሚነግረን ስድብና ነውር እንደሌለበት ብቻ ነው። ልጅ ይወደዋል ማለት አይደለም። ንግግር የበዛበት የ70 ደቂቃ ቴአትር ምንም ነውር ላይኖርበት ይችላል። የ4 ዓመት ልጅ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወንበር ሥር ይገባል።

ጽሑፉን ማን እንደጻፈውም ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ፌስቲቫል መራጭ ኮሚቴ የለውም። በስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተማ የሚካሄደው የኤዲንብራ ፍሪንጅ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ስምንት የቴአትር ቡድኖች ሳይጠሩ መጥተው ከከተማዋ ዋና ፌስቲቫል ጎን ሥራቸውን አሳዩ። ዛሬም ማሳያ ቦታ ያገኘ ሁሉ ይሳተፋል። እንዲህ ባለ ፌስቲቫል ስለ ዝግጅቱ የምታነቡትን የሚጽፉት በአብዛኛው አቅራቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። ተመልካች የሚፈልግ ሰው ደግሞ «ለሁሉም ዕድሜ» ለማለት አይሰስትም።

የዕድሜ ቁጥሩም ሁለት ዓይነት ነው። «ከ8 ዓመት በታች አይገባም» ክልከላ ነው፤ በር ላይ ይመልሷችኋል። «ከ5 ዓመት ጀምሮ ይመከራል» ምክር ነው፤ ልጃችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነገር አያለሁ። ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ልጅ ተነስቶ መንቀሳቀስ ይችላል? ጨለማ ወይም ድንገት የሚያስደነግጥ ድምፅ አለበት? ካልተጻፈ ደውሎ መጠየቅ ነው።

ግርግር ለሚረብሸው ልጅ ደግሞ በአንዳንድ ፌስቲቫሎች ዘና ተብሎ የሚታይ ትርኢት ይዘጋጃል። አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ አይሆንም፣ ድምፁ ይቀነሳል፣ ልጅ ቢጮህ ወይም ወጥቶ ቢገባ የሚቆጣ የለም። ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በማሰብ የመጣ ነገር ነው። ገና ድክ ድክ ለሚሉትም ይመቻል። ብዙ ወላጅ ግን ሳያየው ያልፋል።

በትልቁ ልጅ ልክ መምረጥ

ትልቁ ልጅ አፍ አለው፤ የሚፈልገውን ይናገራል። የቀኑን ዕጣ የምትወስነው ግን ትንሿ ናት። እሷ ስትነጫነጭ ሁሉም ይወጣል። አንድ ላይ የምታዩትን በትንሿ ልክ ምረጡ። ለትልቁ የሚሆነውን ደግሞ አንዳችሁ ይዛችሁት ሂዱ። «ሁላችንም አብረን ካላየን» የሚለው ግትርነት ብዙ ቀን አበላሽቶብኛል።

ሰዓቱን አለማየት

ዝግጅቱን እንጂ ሰዓቱን አናነብም። የ2 ዓመት ልጅ የቀን እንቅልፉ ሰዓት ላይ ሲደርስ መድረክ ላይ ምን እየታየ እንደሆነ ደንታ የለውም። በአንቀልባ ይተኛል ብላችሁ ካሰባችሁ ሞክሩት። የእኔዎቹ ከበሮ እየተመታ አልተኙም።

ልምድ ያላቸው ፌስቲቫሎች ለዚህ መላ አላቸው። በሲድኒ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ከእኩለ ሌሊቱ ርችት ቀደም ብሎ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለቤተሰቦች የታሰበ ርችት ሲተኮስ ኖሯል። በለንደን የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ሁለት ዋና ቀናት አሉት፤ እሑዱ የቤተሰብና የልጆች ቀን ሆኖ ይታወቃል፣ ሰኞው የበለጠ ይጨናነቃል። በስፔን ቫሌንሲያ በፋያስ በዓል የመጨረሻ ምሽት፣ ማርች 19፣ ለበዓሉ የተሠሩት ግዙፍ ቅርጾች ከመቃጠላቸው በፊት የልጆቹ ትንንሽ ቅርጾች ቀድመው ይቃጠላሉ። ስለዚህ አንድ ዝግጅት ከመተዋችሁ በፊት ቀደም ያለ ወይም አነስ ያለ ሌላ መልክ እንዳለው እዩ። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ሥር በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

ድምፁን ችላ ማለት

ያው ቫሌንሲያ ሌላም ያስተምራል። በእነዚያው የማርች ቀናት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አደባባዩ ላይ ርችት ይተኮሳል። ቀን ስለሆነ ለልጅ የሚመች ይመስላል። ግን የሚታይ ሳይሆን የሚሰማ ርችት ነው፤ ዓላማው ራሱ ጆሮ የሚበጥሰው ፍንዳታ ነው። ሰዓቱ ልክ ሆኖ ዝግጅቱ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ለሠራተኞች በወጣው የታወቀ ልክ፣ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ድምፅ አጠገብ በቀን እስከ 8 ሰዓት ርዝመት መቆየት ይቻላል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ይህ የተሰላው ለአዋቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለኮንሰርትና መሰል ቦታዎች ያወጣው መመሪያ ደግሞ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል። መመሪያው ተከብሮ እንኳ ስፒከር ፊት ለፊት ልጅ ይዞ መቆም አይገባም ማለት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንደኛው መራቅ ነው። ሜዳ ላይ ከአንድ ስፒከር ያላችሁ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሁለተኛው ጆሮን ከላይ የሚሸፍን የልጆች የድምፅ መከላከያ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚወተፈውን ለትንሽ ልጅ አትስጡ፤ አውጥቶ ይውጠዋል። መከላከያውን ቤት ውስጥ አለማምዱት፤ እዚያ ሄዳችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ብታደርጉለት አሽቀንጥሮ ይጥለዋል።

ከልጁ ቁመት አለማየት

የ3 ዓመት ልጅ ቁመት በአብዛኛው አንድ ሜትር አይሞላም። ሰው በተሰበሰበበት የሚታየው የሰው መቀመጫና ቦርሳ ነው። ጋሪ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጉልበት። አንድ ጊዜ ቁጢጥ ብዬ አየሁት፤ ለምን እንደሚያለቅስ ገባኝ። ልጁን ትከሻ ላይ ማውጣት ለአስር ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፤ ከዚያ በኋላ አንገታችሁ ይናገራል፣ ከኋላ ያለውም ሰው እንደዚሁ።

ስለዚህ ሰልፍ ከመረጣችሁ የት እንደምትቆሙ አብራችሁ ምረጡ። እኔ የምወደው መነሻውን ነው። ሰልፉ እዚያ ቀድሞ ያልፋል፣ ሰልፈኞቹም ገና አልደከማቸውም። ከኋላችሁ የጎን መንገድ ይኑር፤ አጥር ወይም ግድግዳ ከሆነ መውጫ የለም። በአንድ ካሬ ሜትር አራት አምስት ሰው ሲደርስ አዋቂም እንደልቡ መንቀሳቀስ አይችልም። እዚያ ሳይደርስ ውጡ። ስልክ ላይም ብዙ አትተማመኑ፤ ሕዝብ ሲበዛ ኔትወርክ ይጨናነቃል። የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ስልክ ቁጥራችሁን የልጁ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ጠዋት የለበሰውን ልብስ እንደለበሰ ፎቶ አንሱት።

ለሕፃን ትኬት አያስፈልግም ብሎ ማሰብ

ጭናችሁ ላይ የሚቀመጥ ሕፃንም በብዙ አዳራሽ ትኬት ይጠየቃል፤ በነፃም ቢሆን። ምክንያቱ ከእሳት አደጋ ደንብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይቆጠራል። ጋሪውም ውጭ ሊቀር ይችላል።

ቀኑን መጠቅጠቅ

በቀን አንድ የተከፈለበት ዝግጅት ይበቃል። ሌላው በነፃ የሚታይ፣ የተቀመጠ ሰዓት የሌለው ይሁን። ወረፋውንም፣ መንገዱንም፣ ሽንት ቤት ፍለጋውንም ቁጠሩ። የአንድ ሰዓት ትርኢት ከልጅ ጋር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ገንዘብ ስለከፈሉ እስከ መጨረሻው መቀመጥ

ልጁ ፈርቷል ወይም ሰልችቶታል፤ እናንተ ግን «ከፍለናል እኮ!» እያላችሁ ትይዙታላችሁ። ገንዘቡ እንደሆነ ተከፍሏል። ብትቀመጡም አይመለስም። ለዚህ የሚጠቅመው መጀመሪያውኑ መቀመጫ መምረጥ ነው። ከዳር ያዙ። ከኋላ ከሆነ ደግሞ የተሻለ፤ ስትወጡ የሚዞርባችሁ አንገት ይቀንሳል።